ከጣት የወለቀው ቀለበት፦ የ«ዶክተር ሁ» ተዋንያን አንዱን ሚና እንዴት ሠሩት



ንግግሬን የምጀምረው አንድ ደቂቃ እንኳ ከማይሞላ የጥቁርና ነጭ ፊልም ቁራጭ ነው። አንድ ሽማግሌ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ፀጉሩ ነጭና ረጅም ነው፤ ካባ ለብሷል። ዙሪያውን የማሽን ጩኸት ሞልቶታል። ድንገት ፊቱን ብርሃን ይውጠዋል፤ ዓይኑ ከአፍንጫው እስከማይለይ ድረስ ይነጣል። ብርሃኑ ሲሰክን እዚያው ወለል ላይ የተኛው ሌላ ሰው ነው። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ፊቱ ሌላ ነው፤ በዕድሜም ያንሳል። ፕሮግራሙ እዚህ ላይ ያበቃል።

ይህ ለእንግሊዝ ሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1966 ቅዳሜ ምሽት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሽማግሌው ዊልያም ሃርትኔል፣ የተካው ፓትሪክ ትራውተን ይባላሉ። ድራማው የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» ነው። ይህን ቁራጭ ደጋግሜ ሳየው ኖሬአለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም የሚገርመኝ ብልሃቱ የተገኘው ከብልሽት መሆኑ ነው። ቀረጻው በተካሄደበት ምሽት በስቱዲዮው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ምስል የምትቀላቅለው ባለሙያ ሸርሊ ካዋርድ ነበረች። የምትሠራበት መሣሪያ ችግር ነበረበት፤ ምስሉን ከልክ በላይ ያነጣዋል። እሷም ጉድለቱን አልሸሸችውም፤ ሁለቱን ፊቶች ለማዋሐድ ተጠቀመችበት። አንድ ሰው በሌላ ሰው የተተካበት፣ በቴሌቪዥን ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት ቅጽበት የተሠራው በተበላሸ መሣሪያ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይኸው ነው። ዶክተሩ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ አንድ ደራሲ ተቀምጦ አልጻፈውም። የሠሩት ተዋንያኑ ናቸው፤ የሠሩትም በችሎታቸው ብቻ አይደለም። በሕመማቸው፣ በዘዬአቸው፣ በአስተዳደጋቸው፣ አንዳንዴም በድካማቸው ሠርተውታል።

ድራማውን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። «ሁ» በእንግሊዝኛ «ማን» ማለት ነው፤ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር ማን? ሰውየው ከሌላ ፕላኔት የመጣ መንገደኛ ነው፤ እውነተኛ ስሙ አይታወቅም። በጊዜና በጠፈር ውስጥ የሚጓዝበት መንኮራኩር ከውጭ ሲታይ በለንደን መንገዶች ዳር ይቆም የነበረ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ነው፤ ታርዲስ ይባላል። ገብተው ሲያዩት ግን ውስጡ ከውጩ ይሰፋል። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዋዜማው ነበር፤ አገሩ ሁሉ በሐዘን ላይ ስለነበር ቢቢሲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁለተኛው ክፍል በፊት የመጀመሪያውን ደግሞ አሳየው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ድራማው ከራሳችን ቴሌቪዥን በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

የመሠረቱትም ሰዎች ለቢቢሲው ቤት እንግዶች ነበሩ። ሐሳቡን ያፈለቀው የድራማ ክፍሉ ኃላፊ ሲድኒ ኒውማን ካናዳዊ ነው። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት የ27 ዓመት ወጣት ነበረች፤ በዚያን ጊዜ በድራማ ክፍሉ ሌላ ሴት ፕሮዲዩሰር አልነበረም። የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ዋሪስ ሁሴን ሕንድ አገር የተወለደ የ24 ዓመት ልጅ ነው። የመንገደኛ ታሪክ በእንግዶች እጅ መጀመሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

እነዚህ ሁለት ወጣቶች ናቸው እንግዲህ ሃርትኔልን ምሳ ጋብዘው የለመኑት። ሃርትኔል በዚያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር። ለንደን ውስጥ ሴንት ፓንክራስ ከሚባለው ሰፈር ካላገባች እናት ተወልዶ አባቱን ሳያውቅ ያደገ ሰው ነው። በፊልም ዓለም የታወቀው ወታደር የሚያንቀጠቅጥ ሳጅን ሆኖ ሲጫወት ነው፤ ዓመት ከዓመት ያው ሳጅን፣ ያው ጩኸት። ሰልችቶታል። ላምበርት ግን በ1963 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ትንሽ ሚና ይዞ አይታዋለች፤ ከኮስታራው ፊት በስተጀርባ ሌላ ነገር ታያት። እውነትም ነበረ። ሃርትኔል ያንን ቁጣ አልጣለውም፤ ቁጣውን ይዞ አያት ሆነ። የመጀመሪያው ዶክተር ቁጡ፣ ኩሩ፣ ሰው የማያምን ሽማግሌ ነው፤ ከልጅ ልጁ ፊት ሲቆም ግን ይለሰልሳል። ልጆች ወደዱት። እሱም የልጆቹን ፍቅር እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። በታርዲስ ውስጥ መሐል ላይ ባለ ስድስት ጎን የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ ቁልፍና ማንሻ ተደርድሯል። ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ የመድረክ ዕቃ ነው፤ አንዱም ቁልፍ አንዳች ነገር አያንቀሳቅስም። ሃርትኔል ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ሰጠው። በሩን የሚከፍተው ይህ ነው፤ መንኮራኩሩን የሚያስነሳው ያኛው ነው ብሎ ለራሱ ወሰነ፤ ወስኖም ሳይዛነፍ ያንኑ ቁልፍ ሲጫን ኖረ። ለምን ሲባል፣ ልጆች ያስተውላሉ ይል ነበር። ዛሬ በሩን የከፈተበት ቁልፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ቢሠራ፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ የስምንት ዓመት ልጅ ውሸቱን ያውቅበታል። ለልጅ የሚሠራ ሥራ ለአዋቂ ከሚሠራው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያወቀ ሰው ነው።

በዚያን ዘመን ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይዘጋጃል፤ ሳምንቱን ያጠናሉ፤ በመጨረሻው ቀን ይቀረጻል። የቪዲዮ ክር ቆርጦ መቀጠል ብዙ ወጪ ስለሚያስከትል ተዋናይ ቃል ቢስት ብዙውን ጊዜ እንዳለ ያልፋል። ሃርትኔል ደግሞ እየታመመ ነበር። የደም ሥሮቹ እየደደሩ ሄዱ፤ የማስታወስ ችሎታውን ጎዳው። ቃላት ይጠፉታል፤ ይደናቀፋል፤ ሌላ ቃል ያመጣል፤ ከዚያ «እህ? እህ?» እያለ በኩራት ይቀጥላል። አብሮት የሚጓዘውን የመምህሩን የቼስተርተንን ስም እያዛባ መጥራቱም የዶክተሩ መታወቂያ ሆነ። የትኛው ከጽሑፉ፣ የትኛው ከድካሙ እንደመጣ ዛሬ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። እኔ መለየቱ አስፈላጊ አይመስለኝም። ከርሱ በኋላ የመጡት ዶክተሮች ሁሉ አእምሯቸው ከአፋቸው የሚቀድም፣ ሐሳብ ጀምረው በሌላ ሐሳብ የሚወሰዱ ሰዎች ሆነው የቀሩት ሃርትኔል ከሕመሙ ጋር የታገለበት መንገድ የገጸ ባሕርዩ አካል ስለሆነ ነው።

በ1966 ግን መቀጠል አልቻለም። እንግዲህ በሌላ ድራማ ቢሆን መሪ ተዋናዩ ሲሄድ ድራማው ያበቃል፤ ወይም ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ሰው ያንኑ ልብስ ለብሶ ይገባል። ፕሮዲዩሰሩ ኢነስ ሎይድና የድርሰት አርታኢው ጄሪ ዴቪስ ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ሰውየው ከሌላ ዓለም የመጣ ነው አይደል? እንግዲያስ አካሉ ሲያረጅ ይታደስ። አዲሱ ተዋናይ አሮጌውን እንዲመስል አይገደድም፤ ሌላ ሰው ሆኖ ያው ሰው ይሆናል። ዛሬ ለዚህ ለውጥ የሚጠቀሙበት ስያሜ እንኳ በድራማው ውስጥ የተነገረው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1974 ነው። በዚያን ዕለት ስምም አልነበረው።

ትራውተን መጀመሪያ አልፈለገም። ተመልካቹ አልቀበልም ቢልስ? ስሙስ ለዘለዓለም ከዚህ ሚና ጋር ተጣብቆ ቢቀርስ? ፍርሃቱ ትክክለኛ ነበር። በኋላ ቀና ያለ ሐሳብ ያመጣው ሲድኒ ኒውማን ነው፤ በጠፈር የሚንከራተት ምስኪን፣ እንደ ቻርሊ ቻፕሊን ያለ ተቅበዝባዥ አድርገህ ሥራው አለው። ትራውተን ከሰውነቱ የሚሰፋ ኮትና ሰፊ ባለ ካሬ ሱሪ ለበሰ፤ ዋሽንት መሰል የሙዚቃ መሣሪያ ያዘ፤ በኪሱ ውስጥ የሚዳብስ፣ የፈራ የሚመስል፣ ሰው ሞኝ ነው ብሎ ሲንቀው ሁሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ሆነ።

የመጀመሪያ ትርኢቱን ልብ በሉልኝ፤ ኖቬምበር 5 ቀን 1966 ነው የተላለፈው። ምስሉ ጠፍቷል፤ ድምፁና አንዳንድ ፎቶዎች ቀርተዋል። አዲሱ ሰው ከወለሉ ይነሣል። አብረውት የሚጓዙት ሁለት ወጣቶች ቤንና ፖሊ ይመለከቱታል። ቤን አያምንም፤ ይህ አስመሳይ ነው ይላል። ፖሊ ታምናለች። የአሮጌው ዶክተር ቀለበት በጣቱ ላይ ይደረጋል፤ ሰፍቶት ወልቆ ይወድቃል። መስታወት ያያል፤ ለአንድ አፍታ የሽማግሌው ፊት ከመስታወቱ ውስጥ ይመለከተዋል። እሱም ማንነቱን አይናገርም፤ እንደውም ስለ ዶክተሩ ሲያወራ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ደራሲው የተመልካቹን ጥርጣሬ ለመሸፈን አልሞከረም፤ በቤን አፍ አድርጎ ተናገረለት። በመጨረሻ ማንነቱን የመሰከረለት ጠላቱ ነው፤ ዳሌክ የሚባለው በብረት ቅርፊት የተሸፈነ ፍጡር ገና ሲያየው አወቀው። ወዳጅ ሲጠራጠር ጠላት አወቀ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የተቀመጠው ልጅ ክርክሩን ተወ።

ትራውተን ለእኔ የሁሉም ቁልፍ ነው። ሃርትኔል ሚናውን ፈጠረ፤ ትራውተን ደግሞ ሚናው ሊወረስ እንደሚችል አሳየ። እሱ ባይሳካለት ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ድራማ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። ይሁንና ከሥራው ብዙው ጠፍቷል። ቢቢሲ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የቆዩ ክሮችን እያጠፋ ሌላ ይቀርጽባቸው ነበር፤ ድራማ ተደግሞ ይታያል፣ ቤተ ሰብም ገዝቶ ያስቀምጠዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተረፈው ለውጭ አገር ጣቢያዎች የተሸጠው የፊልም ቅጂ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከትራውተን ሥራዎች አንዱ፣ አራቱም ክፍሎች ሳይጎድሉ፣ ከሆንግ ኮንግ ተገኘ። በ2013 ደግሞ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ አሳሽ ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አቧራ የለበሱ የፊልም ቆርቆሮዎች አገኘ፤ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ነበሩ። ለንደን የጣለችውን ናይጄሪያ ጠብቃ አቆየች። በዚያ ግኝት ውስጥ ትራውተን ሁለት ሰው ሆኖ የሚጫወትበት ታሪክ አለ፤ ዶክተሩንም፣ መልኩ እሱን የመሰለ አምባገነንም ሆኖ። በትከሻው አያያዝና በድምፁ ብቻ ሁለቱን ለይቶ ሲያቆማቸው ስታዩ የዚህን ሰው ችሎታ ታውቃላችሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1969 ለቀቀ። ለኋለኞቹም ሦስት ዓመት ይበቃል ብሎ መከረ፤ አምስተኛው ዶክተር ፒተር ዴቪሰን ምክሩን ተቀብሎ በሦስት ዓመት ወጥቷል።

ሦስተኛው ጆን ፐርትዊ የታወቀው በሬዲዮ ቀልድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ሁድ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ያገለገለ ሲሆን መርከቧ በ1941 ከመስጠሟ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ሥራ ስለተዛወረ ተርፏል። አለቆቹ ቀልዱን ይቀጥላል ሲሉ እሱ ቀልዱን ትቶ ቀጥ ያለ ጨዋ ጀግና ሆነ። ፍጥነትና ሞተር የሚወድ ሰው ስለነበር ዶክተሩም መኪና ነጂ ሆነ፤ ቬልቬት ኮት ለብሶ ጠላት ይጥላል። የድራማው በጀት ስላነሰ ዶክተሩ ምድር ላይ እንዲታሠር ተደርጎ ነበር፤ ፐርትዊ ይህንን የበጀት ችግር የስደተኛ ቁጭት አደረገው።

አራተኛው ቶም ቤከር ነው፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ሊቨርፑል ተወልዶ በወጣትነቱ ገዳም ገብቶ ለዓመታት ከመነኮሳት ጋር ኖሯል። በ1974 ሚናው ሲሰጠው ግንባታ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከማንም በላይ፣ ዶክተር ሆኖ የቆየው። ትልልቅ ዓይኖቹ፣ ያለ ቦታው የሚመጣ ሣቁ፣ አደጋ ፊት ሲቆም ጣፋጭ ማቅረቡ! ስለ ረጅሙ የአንገት ልብስ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የልብስ ዲዛይነሩ ጄምስ አችሰን ለሹራብ ሠሪዋ ለቤጎኒያ ፖፕ በተለያየ ቀለም ብዙ ክር ሰጣት፤ ትመርጥበታለች ብሎ ነው። እሷ ግን የተሰጣትን ክር በሙሉ ሠራችው። ውጤቱ ከቁመቱ እጥፍ የሚበልጥ፣ አንገት ላይ ተጠምጥሞ መሬት የሚጠርግ ልብስ ሆነ። ቤከር ሲያየው ወደደው፤ ይህንኑ እለብሳለሁ አለ። በአንድ ሹራብ ሠሪ የዋህነት የተገኘ ልብስ በዓለም ላይ የዶክተሩ ምልክት ሆነ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ያስቆርጠው ነበር።

ዴቪሰን በ29 ዓመቱ ተመረጠ፤ ከትልቁ ሰው ቀጥሎ ለስላሳና ተጠራጣሪ ወጣት ሆኖ መጣ። ከርሱ ቀጥሎ ስለመጣው ስለ ኮሊን ቤከር ግን ፍርዴን ልናገር፤ ተበድሏል። ባለሥልጣናቱ ድራማውን አልወደዱትም፤ በ1985 ለረጅም ጊዜ አቋረጡት፤ በ1986 እሱን ብቻ አሰናበቱት። የመለወጫውን ትዕይንት ለመቅረጽ ተመለስ ሲባል እንቢ አለ፤ ተተኪው ሲልቬስተር ማኮይ የእሱን ልብስና ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ ወለሉ ላይ ተኛ። ኮሊን ቤከር ጠቦ ከተሰጠው መድረክ በላይ የሆነ ተዋናይ እንደነበር የታወቀው ከ1999 ጀምሮ ቢግ ፊኒሽ የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጀው የድምፅ ድራማ ነው። ልብሱ በማይታይበት፣ ድምፅ ብቻ በሚሰማበት ቦታ ሚናው ሙሉ ሆነለት። በአንድ የ1996 ፊልም የታየው ስምንተኛው ዶክተር ፖል ማጋንም ሚናውን የገነባው በዚያው የድምፅ ድራማ ነው። መደበኛው ተከታታይ ድራማ ግን ዲሴምበር 6 ቀን 1989 ቆሞ ነበር፤ እስከ 2005 ድረስ ወደ ቴሌቪዥን አልተመለሰም።

ሲመለስ ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ ነው፤ መሪው ጸሐፊ ራስል ቲ. ዴቪስ፣ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ኤክልስተን። ኤክልስተን የሰሜን እንግሊዝ ሰው ነው፤ የሳልፎርድ። ከርሱ በፊት የነበሩት ዶክተሮች በአብዛኛው የሚናገሩት የተማረውን የደቡብ እንግሊዝኛ ነበር፤ የዜና አንባቢ አነጋገር። እሱ ግን የሠራተኛ ሰፈር ዘዬውን እንዳለ ይዞ ገባ፤ ፀጉሩን አሳጥሮ የቆዳ ጃኬት ለበሰ። በእንግሊዝ አገር ሰው አፉን ሲከፍት ከየት እንደመጣና ምን እንደተማረ ይለካል። ሊቅ የሆነ፣ ዓለማትን የሚያድን ሰው በሰሜን ዘዬ ሲናገር መስማት ለብዙ ቤተ ሰብ ትልቅ ነገር ነበር። በገጠር ዘዬው ያፈረ ሰው ይህ ይገባዋል። ኤክልስተን ከ13 ክፍሎች በኋላ ለቀቀ፤ ከአለቆቹ ጋር የነበረው ግንኙነት እንደ ተበላሸ ኋላ ራሱ ተናግሯል። በሩን ግን ከፍቶት ሄደ። ስኮትላንዳዊው ፒተር ካፓልዲ በስኮትላንድ አነጋገሩ፣ ጆዲ ዊትከር በዮርክሸር አነጋገሯ የገቡት በዚያው በር ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ ከቀደምቶቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ ድራማውን እያየ ያደገ ነው። ዴቪድ ቴናንት ገና ሕፃን ሳለ ተዋናይ እሆናለሁ ያለው ቶም ቤከርንና ፐርትዊን አይቶ ነው፤ ሆነም። ኋላም የፒተር ዴቪሰንን ልጅ አገባ። ካፓልዲ በ15 ዓመቱ ስለ ድራማው ለአንድ መጽሔት የጻፈው ደብዳቤ በ1974 ታትሟል፤ በ2013 ሚናው ሲሰጠው 55 ዓመቱ ነበር፤ ሃርትኔል በጀመረበት ዕድሜ። ማት ስሚዝ ግን በልጅነቱ ድራማው ተቋርጦ ስለነበር አያውቀውም፤ እግር ኳስ ተጫዋች ሊሆን ነበር፤ ጀርባውን ተጎድቶ ቀረ። በ26 ዓመቱ ሲመረጥ፣ ከሁሉም ወጣቱ ነው፣ የቆዩ ሥራዎችን ተቀምጦ አየ። ልቡን የወሰደው ከሆንግ ኮንግ የተገኘው የትራውተን ታሪክ ነው። ትራውተን ያስር የነበረው የቢራቢሮ ክራባት ዓይነት አማረው፤ አዘጋጆቹ ሲያመነቱ አስፈቅዶ አሠረ። ልብ በሉ፤ ትራውተን በ1987 አርፏል። ያ የፊልም ቆርቆሮ በሆንግ ኮንግ አቧራ ውስጥ ቢቀር ኖሮ አሥራ አንደኛው ዶክተር ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሞቶ አንዱ ሕያው ሆኖ፣ ሥራ ተማማሩ።

ጆዲ ዊትከር በ2017 ስትመረጥ ብዙ ጩኸት ነበር። ሐሳቡ ግን አዲስ አልነበረም፤ መሥራቹ ሲድኒ ኒውማን በ1986 ለቢቢሲ በጻፈው ደብዳቤ ዶክተሩ ሴት ትሁን ብሎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ዘገየ። እኔ የምወቅሰው የጻፉላትን እንጂ እሷን አይደለም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታና ጉጉት የተሻለ ድርሰት ይገባው ነበር።

ከዚያ ንጉቲ ጋትዋ። በ1992 ኪጋሊ ተወለደ፤ ቤተ ሰቡ ከሩዋንዳው ዘር ማጥፋት አምልጦ ስኮትላንድ ገባ፤ እዚያ አደገ፣ ግላስጎው ውስጥ ትወና ተማረ። ዝና ከማግኘቱ በፊት የሚኖርበት ቤት አጥቶ በወዳጆቹ ዘንድ ያድር እንደነበር በይፋ ተናግሯል። ከርሱ በፊት በ2020 ጆ ማርቲን የዶክተሩ ሌላ ገጽታ ሆና በመታየት የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት፤ በመሪነት የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ግን ጋትዋ ነው። ዶክተሩ በድራማው ውስጥ ዓለሙን ያጣ፣ ወገኑ ያለቀበት፣ ከአገር አገር የሚዞር ሰው ነው። ቀደምቶቹ ይህን በጥሩ ትወና አሳዩት። ጋትዋ ሲያለቅስ ግን፣ ብዙ ጊዜም ያለቅሳል፣ እንባው ከድርሰቱ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በለንደንና በሊድስ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወላጆች እዚህ ካላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት፤ ለማውራት መነሻ ይሆናችኋል። ሜይ 31 ቀን 2025 እሱም ሚናውን አስረክቦ ሄደ።

ወደ ጀመርኩበት ሽማግሌ ልመለስ።

በ1972 ድራማው አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ ሦስቱ ዶክተሮች በአንድ ታሪክ ውስጥ እንዲገናኙ ታሰበ፤ ፐርትዊ፣ ትራውተንና ሃርትኔል። ሃርትኔል በደስታ እሺ አለ። ደራሲዎቹ ከሌሎቹ ጋር እኩል የሚሮጥበት ድርሰት ጻፉ። ቆይቶ ባለቤቱ ሄዘር ለአዘጋጆቹ ነገረቻቸው፤ ታሟል፣ አንድ ገጽ እንኳ በቃሉ ሊይዝ አይችልም። ድርሰቱን ቀየሩት። ሽማግሌው በጊዜ ውስጥ ተይዞ መውጣት እንዳቃተው፣ ለሁለቱ በስክሪን ብቻ እየታየ ምክር እንደሚሰጥ አደረጉት። ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ተቀምጦ፣ ከካሜራው ጎን የተያዘለትን ካርድ እያነበበ ተቀረጸ። ሁለቱ ታናናሾቹ ሲነታረኩ ይገሥጻቸዋል፤ እነሱም እንደ ልጅ ዝም ይላሉ። ዓይኖቹ ቃሉን ፍለጋ ወደ ካርዱ ሲሄዱ ይታያል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ቁጣውም ያው ነው።

ያ የመጨረሻ ሥራው ሆነ። ኤፕሪል 23 ቀን 1975 በ67 ዓመቱ አረፈ። የመለወጫውን ትዕይንት የያዘው የ1966ቱ ክፍልም እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ያቺ የነገርኳችሁ ቁራጭ የተረፈችው «ብሉ ፒተር» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በ1973 ተውሶ አሳይቷት ስለነበር ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር ለማየት ጊዜ ያላችሁ እንደሆነ፣ አዲሶቹን አቆዩአቸውና ያቺን አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቁራጭ እዩልኝ፤ ቀጥላችሁም ሽማግሌው ተቀምጦ ካርድ የሚያነብበትን።